ቀዝቃዛውን ጭስ ይዤ ወደ ማርቆስ

እኔ መስኮት የምዘጋ ሰው ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ እጄ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። የጮቄ ተራራ ንፋስ ደረት ገብቶ ስንቱን እንዳስተኛ አይቻለሁ። ጥጃ አንድ ጊዜ አስሬ አልተኛም፤ ተመልሼ ገመዱን እጎትታለሁ። በር ቆልፌ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ "ቆልፌ ነበር ወይ?" እላለሁ። ጎረቤቶቼ "ትርንጎ ለዶሮም ትጨነቃለች" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር የምኖር ገበሬ ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ መሬቱን ለእኩል ሰጥቼ፣ ድቅል ላሜን አልቤ አንዲት ልጄን አሳደግሁ። ዘመናይ ትባላለች። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪዋን በፊዚክስ ትማራለች። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ስለገጠመኝ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት የነበረችው ትርንጎና የአሁኗ አንድ አይደሉም።

አስቀድሜ ልጄ ምን እንደምትማር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔም የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው። ለእረፍት መጥታ ከማሳው ዳር ተቀምጠን ባለእኩሉ ሲያርስ እናያለን።

"አንቺ፣ ሰው 'ልጅሽ ምን ትማራለች?' ሲለኝ 'ፊዚክስ' ብዬ ዝም እላለሁ። ምኑን ነው?" አልኳት።

"ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚጠመድ ነው እማየ።"

"እንደ በሬ?"

"እንደ በሬ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ግን ቁም ነገር አደረገችው። በመብራት ሽቦ ውስጥ የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ለየብቻ ሲሮጡ ከሚንቀጠቀጡት አተሞች ጋር ይጋጫሉ፤ ጉልበታቸውን ይጥላሉ፤ ሽቦው የሚሞቀው ለዚህ ነው። አንዳንድ ነገር ግን እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠመዳሉ። ከተጠመዱ በኋላ የሚያግዳቸው የለም፤ ጉልበታቸው ሳይባክን ይሄዳሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይሉታል።

"ቀንበሩስ ምንድን ነው?" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ዋናውን ጠየቅሽ! ያን ረግረግ እዪው። አንድ በሬ ሲያልፍበት መሬቱ ጎድጎድ ይላል፤ ተመልሶ ሳይሞላ ሌላ ከመጣ ወደ ጎደጎደው ያዘነብላል። አንዱ ኤሌክትሮን ሲያልፍ አተሞቹን ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል፤ ሌላው በዚያ ይከተላል። መሬቱ ራሱ ቀንበር ሆነ ማለት ነው። በተራው ብረት ላይ ይህ ታውቋል። እኔ የያዝኩት ግን ከመዳብና ከኦክስጅን ከሌላም ተጋግሮ የሚሰራ ጥቁር ሸክላ ነው። እሱ ከቀድሞዎቹ ይልቅ በሞቀበት ይጠመዳል። ሞቀ ስልሽም ከጮቄ ውርጭ እጅግ የከፋ ብርድ ነው። በእሱ ላይ የአተሞቹ መንቀጥቀጥ ቀንበሩ ራሱ ይሁን ወይስ አጋዥ ብቻ፣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።"

"እነሱ ካልተስማሙ አንቺን ምን አገባሽ?"

"ስላልተስማሙ ነው እንጂ!"

"ቆይ ደግሞ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ያባርራል እንጂ ያጣምዳል?"

"ሲበዛ ያባርራል እማየ። በርዶ ልክ ሲይዝ ያቀራርባል። አንዱ ነገር ነው ሁለቱንም የሚያደርገው።"

ያን ጊዜ የተማረ ሰው ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጠዋት ላሜን እያለብኩ ስልኬ ጮኸ። ዘመናይ ናት። ድምጿን ስሰማ ወተቱን አስቀመጥኩ።

"እማየ፣ አለቀልኝ።"

"ምን ሆንሽ? አመመሽ? ተኩስ አለ?"

"የለም፣ ደህና ነኝ። ከአዲስ አበባ ያዘዝነው ናይትሮጅን አልደረሰም። መንገድ ተዘጋ አሉን። ፈታኙ መምህር ዛሬ ከሰዓት ይሄዳሉ። እሳቸው ፊት ሸክላውን አቀዝቅዤ ካላሳየሁ ሥራዬ ባዶ ነው። እንደገና መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት…" አለቀሰች።

"ናይትሮጅን ማለት ያ ጭስ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ? ገላነው ላም ሲያዳቅል የኮርማውን ዘር የሚያስቀምጥበት?"

ለቅሶዋ ቆመ። "እማየ… ገላነው ማነው?"

ገላነው የማዳቀል ባለሙያችን ነው። ላሜን ያገኘሁት በእሱ እጅ ነው። ስደርስበት ቢሮው በር ላይ ሞተር ሳይክሉን ያጥባል። ነገሩን ስነግረው ራሱን አከከ።

"እታለም፣ ያ ናይትሮጅን ካለቀ የኮርማው ዘር ይሞትብኛል። የወረዳው ላም ሁሉ የመዳቀያ ጊዜው ሊያልፈው ነው።"

"ከተረፈህ ነው ወንድሜ። ካልተረፈህ አትስጠኝ። ዝም ብዬ እሄዳለሁ።"

ይህን ስል ከልቤ ግማሹ "አልተረፈኝም በለኝ" ይል ነበር። ምክንያቱም ሌላ ሐሳብ ይዤ ነበር። ከቤት ስወጣ ባዶ ጆንያ አጣጥፌ በብብቴ ይዣለሁ። ልብሷን ጠቅልዬበት ልጄን ወደ ቤት ላመጣት። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ፣ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ። ሥራዋ ባዶ ከሆነ ማርቆስ ምን ትሰራለች? ናይትሮጅኑ ካልተገኘ ልጄ ትገኛለች። እንዲህ ያለ ሐሳብ ነበረኝ።

ገላነው ደረቅ እንጨት ናይትሮጅኑ ባለበት ትልቅ ዕቃ አንገት ሰድዶ አወጣ። እንጨቱ ላይ አመዳይ የያዘበትን ልክ አየ። "ለሳምንት ይበቃኛል፤ ሌላው ሰሞኑን ይመጣል" አለና አሮጌ ትንሽ የብረት ገንቦ አምጥቶ ቀዳልኝ። ነጭ ጭስ መሬት ለመሬት ተንፏቀቀ።

"ስሚኝ እታለም። ይህ ገንቦ ስላረጀ ብርዱን አይችልም፤ ይተናል። ክዳኑን አታጥብቂ፤ ይተንፍስ። ከታፈነ ይፈነዳል። መኪና ውስጥ ደግሞ መስኮት ክፈቺ። ሽታ የለው፣ አያስነጥስ፣ ግን የአየሩን ቦታ ይወስዳል። ሳታውቂው ነው እንቅልፍ የሚመስል ነገር የሚጥልሽ።"

"መስኮት?" አልኩት።

"መስኮት!"

ጆንያውን አውጥቼ ገንቦውን ጠቀለልኩበት፤ አፉን ግን ክፍት አደረግሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ገንቦውን በእግሮቼ መሐል ያዝኩና መስኮቱን ገፋሁ። ከኋላ ወዲያው ጮኹ።

"ኧረ መስኮት! ማነው ንፋስ የሚያስገባብን?"

"ልጅ ይዘናል እኮ!"

አጠገቤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አሉ፤ አረቄ አውጥተው ማርቆስ የሚሸጡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። "እህቴ፣ ሳምባችንን ልትጨርሺው ነው?" አሉኝ።

"ይቅርታ እማማ። ይህ ነገር በዝግ አይሆንም ተብያለሁ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ብርድ ነው።"

"ብርድ ይዘሽ ብርድ ታስገቢያለሽ?" አሉ፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና "እማማ ትርንጎ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ባለፈው ሳምንት 'መስኮት ዝጋ' ብለው ያሸበሩኝ?" አለኝ። አፈርኩ። ግን አልዘጋሁም። አንድ ሰው ከኋላ እጁን ሰድዶ ይዘጋዋል፤ እኔ እከፍተዋለሁ። እንዲህ እየተጓተትን ኬላ ደረስን።

ወረድን። ፈታሹ ጭሱን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መሣሪያውን አስተካከለ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"የኮርማ ዘር ማቆያ ነው ልጄ።"

"ኮርማው የታለ?"

"ኮርማውማ ቀርቷል። ብርዱን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ለልጄ ትምህርት።"

"ወደ ማርቆስ ብርድ? ማርቆስ ምን ጠፍቶ?" አለ። አልሳቀም ግን። "ይክፈቱት። ያፍሱት።"

"ሁሉንም?" አልኩ። ጠዋት "አልተረፈኝም በለኝ" ስል የነበርኩት ሴት "ሁሉንም ካፈሰስኩ ልጄ ትወድቃለች" ብዬ ለመንኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት።

ጥቂት ጠብ አደረግሁለት፤ መንገድ ዳር ባለ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ። ቅጠሉ ነጣ። በጫማው ሲነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ፈታሹ ቅጠሉን፣ እኔን፣ ገንቦውን ተራ በተራ አየ።

"ይሂዱ፣ ይሂዱ። ግን ከሰው ያርቁት። መታወቂያ!"

መታወቂያዬን ከጉያዬ ስፈልግ አረቄ ሻጯ "ስጪኝ፣ እኔ ላስገባልሽ" ብለው ገንቦውን ተቀበሉኝ። ከልባቸው ሊረዱኝ ነው። ተመልሼ ስገባ ገንቦው በቦታው ተቀምጧል፤ ጆንያው ላዩ ላይ ተጣጥፏል፤ መስኮቱም ተዘግቷል። መኪናው ተነሳ። ሰው ሁሉ ከፍተሻው ስለተገላገለ ያወራል። እኔም ተነፈስኩ፤ መስኮቱን ረሳሁት።

ጥቂት ሄደን ልቤ ደነገጠ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ ወደ እግሬ አየሁ። ጭሱ የለም።

ጭንቀታም ሰው ጭስ ሲያይ ይፈራል፤ ጭስ ሲጠፋ ደግሞ የበለጠ ይፈራል። ጆንያውን ገለጥኩት። የገንቦው አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ተወትፏል።

"እማማ! ምን አደረጉት?"

"ወተፍኩልሽ እንጂ። ሲተን ዝም ትያለሽ? አረቄ ሳይታሸግ ቢያድር ውኃ ብቻ ነው የሚቀርሽ" አሉ ኮራ ብለው።

ጨርቁን ሳብኩ። በረዶ ሆኖ አንገቱን ነክሷል። "አቁም! አቁም!" አልኩ። ሹፌሩ "እዚህ ማቆም አይፈቀድም" አለ። "ይፈነዳል!" ስል ፍሬኑን ረገጠው። ነጠላዬን በእጄ ጠቅልዬ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ጨርቁን ጠመዘዝኩት። አንድ ጊዜ እምቢ አለ። ሁለተኛ ስጠመዝዘው ቧ! ብሎ ከእጄ ወጣና ጣሪያውን መታ። ጭሱ መኪናውን ሞላው።

ያን ያህል መስኮት ባንድ ጊዜ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። "ልጅ ይዘናል" ያሉት ራሳቸው ልጁን በመስኮት አውጥተው ያዙት። ጭሱ ሲጠራ አረቄ ሻጯ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "በሞትኩት! በሞትኩት!" ይላሉ። ማንም አልተጎዳም። ተመስገን። ግን ከናይትሮጅኑ ብዙው ፈስሶ፣ በንኖ ሄዷል። እስከ ማርቆስ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ተጓዝን፤ ሁሉም በጋቢው ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ ዝጉ የሚል ግን ጠፋ።

ዘመናይ በግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። አቅፋኝ ሳትጨርስ ገንቦውን ወዘወዘችው።

"ትንሽ ነው" አልኳት። "መንገድ ላይ…"

"አንድ ጊዜ ከበቃ ይበቃል። ነይ።"

ቤተ ሙከራው ውስጥ ፈታኙ መምህር፣ ሽበታም ሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መኪናቸው ደጅ ቆሟል። ተነስተው ጨበጡኝ። "እናታችን፣ ይህን ከሮብ ገበያ ይዘው ነው የመጡት?" አሉ። "አዎ ጌታዬ" አልኩ።

ሸክላው ይህ ነው ብላ አሳየችኝ። ከልብስ ቁልፍ የማይበልጥ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ክብ ነገር። ሁለት ዓመት የለፋችበት ይህ ነው! ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ተጣብቀውበታል። የመጀመሪያዎቹ መብራት እየጠፋ ምድጃው ውስጥ እንደተበላሹባት፣ ይህች የመጨረሻዋ እንደሆነች በሹክሹክታ ነገረችኝ። በቀጭን ዘንግ ጫፍ አስራ፣ ወደ ገንቦው አንገት ቀስ እያለች ልታወርዳት ነው። ሽቦዎቹ ከመለኪያ ጋር ተያይዘዋል። መለኪያው ኤሌክትሮኖቹን የሚያግዳቸውን ያህል በቁጥር ይናገራል።

ጀመረች። ቁጥሩን ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ መምህሩ ይከታተላሉ። ይወርዳል፣ ይወርዳል። ከዚያ በድንገት ዘለለ። እንደገና ዘለለ።

"ምን ሆነ?" አሉ መምህሩ።

"አላወቅሁም… ሽቦው ላልቶ ይሆን…"

"አይደለም። ጠረጴዛው ይነቃነቃል።"

ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው አየን። ጫፉን በሁለት እጄ ይዤ የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ።

ዘመናይ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። "እማየ፣ ልቀቂው" አለችኝ።

ለቀቅሁ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ጠባብ፤ ገንቦው ይጨሳል። ከፈትኩት። የማርቆስ ንፋስ ፊቴን መታኝ። ከኋላዬ ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ልጄ ቁጥር ታነባለች። ትንሽ ታወርዳለች፣ ታነባለች። "ናይትሮጅኑ እያለቀ ነው" አለች። "ቀጥዪ" አሉ መምህሩ። አነበበች። ዝም አለች። ዞሬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከዞርኩ የሚሰበር ነገር ያለ ይመስለኛል። እጄን መስኮቱ ብረት ላይ እንኳ አላሳረፍኩም።

"ዜሮ" አለች ዘመናይ።

እኔ የማውቀው ዜሮ አምስተኛ ክፍል ደብተሬ ላይ በቀይ የተጻፈውን ነው። ዞርኩና ሮጬ አቀፍኳት። "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። ቤት አለሽ፣ ላም አለሽ። ጆንያ ይዣለሁ፤ ልብስሽን ጠቅለል አድርገን…"

"እማየ! እማየ፣ ዜሮ ነው የፈለግነው! የሚያግዳቸው ጠፋ ማለት ነው። ተጠመዱ!"

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነው። "አዎ እናታችን፣ በዚህ ትምህርት ዜሮ ማግኘት ብርቅ ነው" አሉኝ። ከዚያ ዘመናይ የተረፈችውን ጠብታ በስኒ ቀድታ፣ ሸክላዋን አስተኝታ፣ ትንሽ ማግኔት በላዩ አደረገች። ማግኔቱ አልነካውም። በአየር ላይ ቆመ። ከነጠላዬ አንድ ክር መዝዤ በመሐል አሳለፍኩ፤ አለፈ። ብርዱ ሲያልቅ ማግኔቱ ቀስ ብሎ ወርዶ ተቀመጠ፤ እንደ ተራ ብረት።

መምህሩ ከሄዱ በኋላ ደጅ ሣር ላይ ተቀመጥን።

"ታዲያ ቀንበሩ ምን ሆነ? መንቀጥቀጡ ነው ወይስ ሌላ?" አልኳት።

"ዛሬ ያሳየሁት ጥማዱ መኖሩን ነው። የመንቀጥቀጡ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አስልቼ ጽፌያለሁ፤ የመጨረሻው ቃል ግን አይደለም። ገና ነው እማየ። ሌላ አገር ድረስ ሄጄ መማር ሳይኖርብኝ አይቀርም።"

"ነይ ወደ ቤት" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። እሷም አውቃዋለች፤ ጆንያውን አየችው። እኔ ግን ጠረጴዛውን አሰብኩ። ፍቅሬ ነው ብዬ ስይዘው ስንት ጊዜ ቁጥሯን አዘልዬባት ይሆን? በየማታው ስደውል፣ "ውጪ፣ ነይ፣ ተይው" ስላት፣ እሷ በዚያ በኩል ስንት ጊዜ ዘንጉን ይዛ እጇ እንዳይናወጥ ትታገል ነበር?

"ሂጂ" አልኳት። "ግን ደውዪ።"

"በየማታው?"

"በሳምንት" አልኩ። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ጭንቀት ይጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ዛሬም ጥጃዬን ሁለት ጊዜ አያለሁ። ያን ዕለት ናይትሮጅኑን ያስገኘልኝም፣ ጭሱ መጥፋቱን ያሳየኝም ያው ጭንቀቴ ነው፤ ሥራዋን ሊያጠፋባት የነበረውም እሱው ነው። ልጄ ማሳው ዳር የነገረችኝ የተማረ ሰው ጨዋታ አልነበረም። ልኩን ማወቁ ነው የሚከብደው፤ እኔም ገና እየተማርኩት ነው። አሁን ስልኩን አንስቼ፣ ቁጥሯን አይቼ፣ መልሼ የማስቀምጥበት ማታ አለ። ያ ማታ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ያን ዕለት ባዶውን ገንቦ ባዶ ጆንያ ውስጥ አድርጌ ወደ ሮብ ገበያ ተመለስኩ። ሹፌሩ ያው ሰው ነው። ተቀመጥኩና መስኮቱን ከፈትኩ።

"እማማ ትርንጎ፣ አሁን ደግሞ ምን ይዘው ነው?" አለኝ በመስታወቱ እያየ።

"ምንም አልያዝኩም" አልኩት።

ከኋላ "ኧረ መስኮት!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ገርበብ አደረግሁለት፤ አልዘጋሁትም።